ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የጥርስ ራጅ ልነሳ ወይስ ልተወው?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ማታ ማታ ይጠዘጥዘኛል፤ ሰሞኑን ደግሞ ጉንጬ አበጠ። ደሴ ወጥቼ ስታይ ሐኪሙ ራጅ ተነሺ አለኝ። የሚያነሳው ልጅ እኔን ወንበር ላይ አስቀምጦ እሱ ከክፍሉ ሊወጣ ሲል ፈራሁና ሳልነሳ ተመለስኩ። የማይጎዳ ከሆነ እሱ ለምን ይሸሻል? ያንን ከባዱን ልብስም አላለበሱኝም። አማቴ ጨረር ጽንስ ያበላሻል ብለው ተቆጡ። አምና በሌላ ጥርስ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ እሱስ ተጠራቅሞ ይሆን? ጎረቤቴ ደግሞ ወተት ጠጥተሽ ተነሺ፣ ያጥበዋል ትላለች። ያለ ራጅ ዝም ብዬ ባስነቅለው አይሻልም?»

ተነሺ። የታመመውን ጥርስ ብቻ የምታሳይ አንዲት ራጅ፣ ሳይውል ሳያድር። መልሴ ይሄ ነው፤ የቀረው ምክንያቱ ነው። ለአማትሽም አንብቢላቸው። የተቆጡት ለልጅሽ አስበው ነው፤ ግን የፈሩት ያለ ቦታው ነው።

ጨረር ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣበት የአቶም ቦምብና የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ነው። የጥርስ ራጅ ማሽን ውስጥ እንደዚያ ያለ ሌት ተቀን ጨረር የሚተፋ ንጥረ ነገር የለም። ያለው አየር የተመጠጠለት ቱቦ ነው። ቁልፉ ሲጫን ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ጫፍ ተስፈንጥረው በሌላው ጫፍ ካለው ተንግስተን ከሚባል ብረት ጋር ይላተማሉ። ከዚያ ጉልበት 99 በመቶው ገደማ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ራጅ የምትሆነው የቀረችው 1 በመቶ ናት። ጣት ከቁልፉ ሲነሳ አለቀ። መብራት ስታጠፊ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አይቀርም፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ጥርስሽ ውስጥ፣ ደምሽ ውስጥ ወይም ክፍሉ ውስጥ ተደብቆ የሚቆይ ነገር የለም። ስለዚህ ወተቱን ለራስሽና ለልጅሽ ጠጪው፤ የሚያጥበው ጨረር ግን የለም። ስትወልጂም ጡት ማጥባት አይከለክልም።

«ተጠራቅሞ ይሆን» ላልሽው፣ ጨረሩ ራሱ አይጠራቀምም። የሚደመረው ስጋቱ ነው። ጨረር ሴል ውስጥ ያለውን ዘረ መል ሊነካ ይችላል። አብዛኛውን ሰውነት ራሱ ይጠግነዋል፤ ሳይጠገን የቀረው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል ተብሎ ይሰጋል። በሙያው ያሉ ሰዎች ለጥንቃቄ ሲሉ የትኛውንም ትንሽ መጠን ዜሮ ስጋት ነው ብለው አያልፉትም። እኔም «ምንም የለውም» ብዬ አልሸነግልሽም። ዋናው ጉዳይ ግን መጠኑ ነው፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው።

ማንኛውም ሰው ራጅ ሳይነሳ ከአፈሩ፣ ከድንጋዩ፣ ከሚበላው፣ ከሚተነፍሰው አየርና ከሰማይ ጨረር ይቀበላል። የዓለም አማካዩ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው፤ ሲቨርት የጨረር መጠን መለኪያ ነው፣ አንድ ሚሊሲቨርት 1,000 ማይክሮሲቨርት ይሆናል። በቀን ሲካፈል ከ6 ማይክሮሲቨርት ትንሽ ይበልጣል። አንዲት ትንሽ የጥርስ ራጅ እንደ ማሽኑና እንደ ፊልሙ ዓይነት ከ2 እስከ 20 ማይክሮሲቨርት ገደማ ናት፤ በፊልም ፈንታ ምስሉን ወደ ኮምፒውተር በሚልክ ዲጂታል ሴንሰር ከሆነ ወደ ታችኛው ትጠጋለች። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ፣ ቢበዛ በሦስት ቀን የምታገኚውን ማለት ነው። የአምናዎቹ ሁለቱም ቢደመሩ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ደግሞ ከሰማይ የሚመጣው ጨረር ከፍታ ሲጨምር ይጨምራል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ከ2,400 በላይ። የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ዘመድ ቤት ስትከርሚ ከቤትሽ በለጥ ያለ ጨረር ታገኛለሽ፤ በዚህ ምክንያት «ነፍሰ ጡር ደሴ አትውጣ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ሁሉም ራጅ አንድ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ማሽኑ ፊት ዙሪያ እየዞረ ሙሉውን መንጋጋ የሚያነሳው ፓኖራሚክ ከትንሿ ጋር ይቀራረባል ወይም ትንሽ ይበልጣል። በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው የጥርስ ሲቲ ግን ከብዙ አሥር እስከ ብዙ መቶ ማይክሮሲቨርት ሊደርስ ይችላል። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ደግሞ ወደ 2,000 ማይክሮሲቨርት ነው። ለአንቺ የሚያስፈልገው ከሁሉም ትንሿ ናት። ሌላ ካዘዙሽ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ወደ ልጅሽ። የጥርስ ራጅ ጨረር በየአቅጣጫው የሚበተን አይደለም። በቱቦው አፍ በኩል ጠባብ ሆኖ ወጥቶ ጉንጭሽ ላይ ያርፋል። ማህፀንሽ ጋ የሚደርሰው በሰውነትሽ ውስጥ ተበታትኖ የተረፈው ርዝራዥ ብቻ ነው፤ እሱም ከ0.01 ሚሊግሬይ (ሰውነት የመጠጠው ጨረር የሚለካበት ነው) በታች ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም እጅግ ያነሰ። ጽንስ ላይ የአካል ጉድለት ወይም የአእምሮ ዕድገት ችግር ያመጣል ተብሎ የሚፈራው መጠን ደግሞ ወደ 100 ሚሊግሬይ ነው። በመካከላቸው አሥር ሺህ እጥፍ አለ። የሰውነት ክፍሎች የሚሠሩበት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልፈውሻል፣ አእምሮ በጣም ስስ የሚሆንበትም ከ8ኛው እስከ 15ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ እንዲሁ። የሁለት ወር ብትሆኚም ግን መልሴ አይቀየርም ነበር። እርግዝናሽን የምትናገሪው ራጁን ለማስቀረት አይደለም። ሐኪሙ መድኃኒቱን፣ አተኛኘቱንና ከወሊድ በኋላ ሊቆይ የሚችለውን ለይቶ እንዲያውቅ ነው።

ጽንስን በእርግጥ የሚያሰጋው ጥርሱ ነው። ያበጠ ጉንጭ ማለት ከሥሩ በታች መግል ቋጥሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ኢንፌክሽን ሲስፋፋ፣ ትኩሳት ሲመጣ፣ ሕመሙ እንቅልፍና ምግብ ሲከለክልሽ ያኔ ነው ልጅሽም የሚጎዳው። አማትሽን የማሳምነው በዚህ ነበር።

የራጅ አንሺው ልጅ መውጣት። ይሄ ጥያቄ የማይቀርበት ቀን የለም፣ ሰው ቢጠረጥርም አልፈርድበትም። አንቺ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ነው የምትነሺው፣ ጥቅሙም የአንቺ ነው። እሱ ጠዋት የመጀመሪያውን፣ ማታ የመጨረሻውን፣ በዓመት የሺዎችን ያነሳል፤ ከአንዱም የሚያገኘው የሕክምና ጥቅም የለም። ለሠራተኛ ዓለም አቀፍ ገደብ አለ፤ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት። ሥርዓት ባለበት ቦታ የተቀበለውን የምትቆጥር ባጅ ደረቱ ላይ ያደርጋል። ለታማሚ እንዲህ ያለ የቁጥር ገደብ የለም፤ የሚጠየቀው «ያስፈልጋል ወይ? ካስፈለገ በትንሹ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ደግሞ መራቅ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። ለዚህ ነው ከግድግዳ ጀርባ ወይም ቢያንስ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ከጨረሩ አቅጣጫ ወደ ጎን የሚቆመው።

ይህን የማያውቁ የመጀመሪያዎቹ የጥርስ ሐኪሞች ከፍለውበታል። ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ በ1896 መጀመሪያ፣ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የገዛ ጥርሱን ለማንሳት 25 ደቂቃ ጨረር ሥር ተኛ። አሁን ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ይበቃል። ኤድመንድ ኬልስ የሚባለው የኒው ኦርሊንስ የጥርስ ሐኪም ደግሞ ለዓመታት ማሽኑን በገዛ እጁ እየሞከረ፣ ፊልም በጣቱ እየያዘ ሠራ። መጀመሪያ ጣቶቹን፣ ቀጥሎ እጁን፣ ከዚያም ክንዱን በካንሰር አጣ። በ1928 አረፈ። ስለዚህ ራጅ አንሺው ሲወጣ አንቺን ጥሎ መሸሹ አይደለም፤ የኬልስ ታሪክ እንዳይደገም ነው። እንዲያውም የሚያሳስበኝ ሳይወጣ አጠገብሽ ቆሞ ፊልሙን በእጁ የሚይዝልሽ ነው።

ከባዱ ልብስ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት፣ ሊድ አፕሮን የሚሉት፣ ብዙ ሰው እንደ ዋስትና የሚያየው ነው። አለመልበስሽ አልጎዳሽም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 የሆድም ሆነ የአንገት መሸፈኛውን በየጊዜው ማልበስ ይቅር ብሏል፣ ለነፍሰ ጡርም ጭምር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሆድ ጋ የምትደርሰው ርዝራዥ በዋናነት የምትሄደው በሰውነት ውስጥ ነው፤ ከላይ የተደረበ እርሳስ እሷን አያስቆምም። ይባስ ብሎ የአንገት መሸፈኛው ፓኖራሚክ ላይ ምስሉን ሊጋርድና ድጋሚ ሊያስነሳ ይችላል፣ ያኔ ጨረሩ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ብታለብሱኝ ልቤ ያርፋል ካልሽ ጠይቂ፣ ለትንሿ ራጅ ጉዳት የለውም። ስለሌለ ብለሽ ግን አትመለሺ።

ከልብሱ ይልቅ ዓይንሽን የሚከተሉት ላይ ጣይ። የማሽኑ አፍ ጉንጭሽ ጋ ሊነካ ምንም ያህል እስኪቀር መቅረብ አለበት። ከሩቅ ሲሆን ጨረሩ ፊትሽ ላይ ይሰፋል። አፉ ክብ ከሆነ ይሠራል፤ እንደ ፊልሙ አራት ማዕዘን ከሆነ ግን መጠኑን እስከ አምስት እጥፍ ገደማ ሊቀንሰው ይችላል። ፊልሙን ወይም ሴንሰሩን በመንከሻ፣ ማለትም በጥርስሽ ነክሰሽ በምትይዢው መያዣ፣ ትይዥዋለሽ፤ መንከሻ ከሌለ በራስሽ ጣት ያሲዙሻል እንጂ ሠራተኛው በጣቱ አይይዝም። የታችኛው መንጋጋ ላይ ምላስሽን ገፍቶ ያስመልስሻል። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ አትንቀሳቀሺ። የተንቀሳቀሰች ራጅ ደብዝዛ ትወጣና ድጋሚ ታስነሳለች። አስታማሚ ይዘሽ ከሄድሽ፣ በተለይ ልጅ የታቀፈች እህት ወይም ጎረቤት፣ ከክፍሉ ይውጡ። እኛ አገር ለአንድ በሽተኛ አራት ሰው አብሮ ይገባል፤ ለመጠየቅ ደግ ነው፣ ራጅ ክፍል ውስጥ ግን የማንም መቀመጥ ጥቅም የለውም።

እንደ ካሜራ በእጅ የሚያዙ ትንንሽ የራጅ ማሽኖች አሁን በየከተማው እየበዙ ነው። በደንብ የተሠሩት በአፋቸው ዙሪያ እንደ ጋሻ ያለ ግልጽ ክብ መከላከያ አላቸው፤ ያ ያለው ሰው አጠገብሽ ቆሞ ቢያነሳሽም ችግር የለም። ኢንተርኔት ላይ በርካሽ የሚሸጡትን ግን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ በ2012 አስጠንቅቆባቸዋል፤ መከላከያቸው ደካማ ስለሆነ ጨረሩ ወደ ያዣቸው እጅ ይፈስሳል። ከአንቺ ይልቅ የሚጎዳው ሐኪሙ ራሱ ነው፣ ለአንቺ ያለው ጣጣ እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ መበላሸቱ ነው። ምርጫ ካለሽ ግድግዳ ላይ የተገጠመው ይሻላል።

ፊልም ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ቦታ እስካሁን የሚሠራበት እሱ ስለሆነ። ትንሿ እሽግ ሦስት በአራት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናት። ከፊልሙ ጀርባ ስስ የእርሳስ ቅጠል አለች፤ ያለፈውን ጨረር የምትይዘው እሷ ናት። ጥግ ላይ በጣት የምትዳሰስ እብጥ ያለች ነጥብ አለች፤ ፊልሙ ግራ ይሁን ቀኝ የሚታወቀው በእሷ ነው። አጥቦ ማውጫው መድኃኒት ሲያረጅ ምስሉ ይፈዛል። ያኔ መቀየር ያለበት መድኃኒቱ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን ጨረሩን ጨምሮ ማንሳት ይቀናቸዋል። ጥሩ ክሊኒክ የሚለየው በዚህ ነው፣ በግድግዳው ቀለም አይደለም። ድጋሚ እናንሳ ካሉሽ የመጀመሪያው ለምን እንደተበላሸ ጠይቂ።

ያለ ራጅ ባስነቅለውስ? ይሄን አልመክርም። የታች መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥር አለው። ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል፣ ቆልማማም ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ሲያዩት ሁለቱም አንድ ናቸው። ከሥሩ በታች ለከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ በተለይ የመጨረሻው መንጋጋ ላይ ሊነካው ይችላል። በጭፍን ሲነቀል ሥሩ ተሰብሮ ሊቀር፣ ወይም ከንፈር ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። ከዚህ ሌላ ደግሞ መነቀል የሌለበት ጥርስ ይነቀላል። ሕመም አንዳንዴ ከጎን ካለው ጥርስ ይመጣል፣ ታማሚው በጣቱ የሚያሳየው ሌላ ነው። «ይሄኛው ነው» ብሎ ምሎ የተነቀለለት ሰው በማግስቱ ያው ሕመም ይዞት ይመጣል።

ራጅም ቢሆን ሁሉን አዋቂ አይደለም። ጥልቀት ያለውን ነገር ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያሳየው። አጥንት ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህል ማዕድኑን እስኪያጣ ድረስ ገና የጀመረ ኢንፌክሽን ላይታይ ይችላል። ስንጥቅ ጥርስ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል፤ ነርቩ ይኑር ይሙትም አይነግርም። ስለዚህ ሐኪሙ ጥርሱን መታ መታ ያደርጋል፣ በቀዝቃዛ ነገር ይፈትናል፣ ድዱን ይዳስሳል። አንቺን ሳያይ፣ አፍሽን ሳይከፍት «መጀመሪያ ራጅ ተነሺና ነይ» የሚል ካጋጠመሽ እሱን ጠርጥሪው። ያንቺው ሐኪም ግን አይቶሽ፣ እብጠቱን ለይቶ ነው ያዘዘልሽ፤ ትክክል ነው።

ራጁ ከታየ በኋላ ያለሽ ምርጫ ሁለት ነው። ጥርሱ የሚተርፍ ከሆነ ሩት ካናል የሚባለው የነርቭ ሕክምና፣ ካልሆነ መንቀል። ሁለቱም በእርግዝና ይሠራሉ። ሊዶካይን የተባለው የጥርስ ማደንዘዣም አይከለከልም። ጊዜውም ያንቺ ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማቅለሽለሽ አለ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሆዱ ከብዶ በጀርባ መተኛት ያዞራል። ሩት ካናል ከሆነ ሐኪሙ አንድ ወይም ሁለት ራጅ ይጨምር ይሆናል፤ የሥሩን ርዝመት ሳያይ አይሠራምና አትደንግጪ፣ ሂሳቡ ያው ከላይ ያልኩሽ ነው። ወንበሩ ላይ ከቀኝ ወገብሽ ሥር ትራስ ቢጤ አድርገው ወደ ግራ ዘንበል ያድርጉሽ።

እስከዚያ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ውሰጂ፣ በወረቀቱ ላይ ካለው መጠን ሳታልፊ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ተዪ፤ ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ የጽንሱን ኩላሊትና የሽርት ውሃውን ሊነኩ ይችላሉ። ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች የልጅሽን ጥርስ ሊያበላሹ ይችላሉ። በደንብ አስተውይ፤ ራጁን ፈርተሽ ስትመለሺ ጎረቤት የሰጠሽን ክኒን ውጠሽ ከሆነ ከራጁ ይልቅ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አሞክሲሲሊን በእርግዝና ይታዘዛል፤ ግን ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ መዋጡ እብጠቱን አስታግሶ ያዘናጋሻል እንጂ የተበላሸውን ጥርስ አያድነውም። ነጭ ሽንኩርት ጥርሱ ላይ አድርጎ ማደር ደግሞ ድዱን ያቃጥለዋል፣ በማግስቱ ሁለት ሕመም ይሆናል።

እብጠቱ ወደ አንገትሽ ከወረደ፣ ከምላስሽ ሥር ካበጠ፣ አፍሽን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተሽ፣ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ ግን ክሊኒክ ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ካልሆነ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ጠዋት ደሴ ውጪ። ቁርስ በልተሽ ሂጂ፣ ባዶ ሆድ አያስፈልግም። ስትደርሺ «የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የታመመውን ጥርስ ብቻ አንሱልኝ» በይ። የአምናዎቹን ራጆች ካገኘሻቸው ይዘሻቸው ሂጂ፤ ካልጠፉ ምናልባት አንዷን ዳግም ከመነሳት ያድኑሻል። የዘንድሮውንም ሳትቀበዪ እንዳትወጪ፤ ፊልም ከሆነ ራሱን፣ ዲጂታል ከሆነ በስልክሽ እንዲልኩልሽ አድርጊ።